ከፍርድ ቤት ወይም ከማረሚያ ቤት የሚላክ ተመላላሽ ታካሚ ቁጣና የስሜት ጭንቀት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያ ወይም በግል ክሊኒክ ለሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ የአእምሮ ጤና ነርሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ነው። የሚመለከታቸው ታካሚዎች ቅጣታቸው በገደብ የተያዘ፣ በአመክሮ የተፈቱ፣ በዋስ ሆነው የሚከራከሩ ወይም ፍርድ ቤት ሕክምና እንዲከታተሉ ያዘዘላቸው ሰዎች ናቸው። ራሱን የቻለ የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ (ከፍርድና ከሕግ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ሥራ) ተመላላሽ አገልግሎት ባለበት አገር መመርመርና ማከም ለተለያዩ ባለሙያዎች ይከፋፈላል። እዚህ ግን እነዚህ ሰዎች ከሌላው ታካሚ ጋር በአንድ ወረፋ ይቀመጣሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚያያቸው አንድ ባለሙያ ነው።

የመመሪያው ዋና ሐሳብ ቁጣና የስሜት ጭንቀት አንድ ላይ መለካትና አንድ ላይ መታከም አለባቸው የሚል ነው። ሰውየው የተላከው «ቁጡ ነው» ተብሎ ስለሆነ ሁሉም ዓይን ቁጣው ላይ ያርፋል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐፍረቱ፣ ሐዘኑ፣ የችሎት ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር የሚይዘው ፍርሃት ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። ቁጣን የመቆጣጠር ልምምድ ብቻ ሰጥቶ መላክ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የማይሠራው።

1. ከቀጠሮው በፊት ደብዳቤውን ማንበብ

ሰውየው ከመግባቱ በፊት የመጣበትን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ማን ጻፈው? የሚፈልገው ምርመራ ነው ወይስ ሕክምና? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ስለ ፍጹም ኢ-ኃላፊነት (በአእምሮ ሁኔታ ምክንያት በወንጀል ጨርሶ አለመጠየቅ)፣ አንቀጽ 49 ስለ ከፊል ኃላፊነት ይደነግጋሉ፤ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት የሚጠይቀው በአንቀጽ 51 ነው። ደብዳቤው ይህን የሚጠይቅ ከሆነ ጉዳዩ የአእምሮ ሐኪም ምርመራ እንጂ የምክር አገልግሎት አይደለም። በዚህ መመሪያ የምንነጋገረው ስለ ሕክምናው ነው።

የሚቻል ከሆነ የሚያክመው ሰው መርማሪ ሆኖ ለፍርድ ቤት አስተያየት አይስጥ። ታካሚው የሚነግርዎት ነገር ነገ በእሱ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን ካሰበ አይነግርዎትም፤ ያለ እውነተኛ መረጃ ደግሞ ሕክምና የለም። ሌላ ባለሙያ ከሌለና ሁለቱንም መሥራት ግድ ከሆነ መዝገቦቹን ይለዩ፤ ይህንንም ለታካሚውም ለፍርድ ቤቱም በግልጽ ያሳውቁ።

2. ክፍሉ

ሁለት ወንበር በጎን በኩል ፊት ለፊት ሳይፋጠጥ፣ በመካከላቸው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቀት ተትቶ ይቀመጥ። ከሁለታችሁ አንዳችሁም የሌላውን የበር መንገድ አትዝጉ። መውጫ ያጣ ሰው ይበልጥ ይግላል፤ መውጫ ያጣ ባለሙያ ደግሞ ይፈራል፣ የፈራ ባለሙያም ድምፁ ይከርራል። ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ ከባድ ማኅተም ወይም የሚወረወር ነገር አይኑር። ዱላ፣ ጩቤ ወይም የጦር መሣሪያ ጥበቃው ዘንድ ይቀመጣል፤ ይህ ለሁሉም ተገልጋይ የሚሠራ ደንብ መሆን አለበት፤ ለእነዚህ ታካሚዎች ብቻ ከሆነ ገና ሲገቡ ያዋርዳቸዋል።

ሰውየው በፖሊስ ታጅቦ ከመጣ አጃቢው የሚያይበት ግን የማይሰማበት ቦታ ይቁም። ፖሊሱ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ የሚደረግ ንግግር ሕክምና ሊባል አይችልም።

3. የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ወጣትም ቢሆን «እርስዎ» ብለው ይጀምሩ። ጣቢያ ሲገባ፣ ችሎት ሲቆም፣ ማረሚያ ቤት ሲያድር «አንተ» ሲባል የከረመ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል። እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ይቀይሩ። በዕድሜ የገፉትን «ጋሼ» ወይም «አባባ»፣ ሴቶችን «እትዬ» ወይም «እማማ» ማለት በወሎ የተለመደ ስለሆነ ለእነሱም አይንፈግ።

ከዚያ ምን ወደ ውጭ እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ ይንገሩ። በዚህ መልክ ማለት ይቻላል፦ «እዚህ የምንነጋገረውን ለቤተሰብም፣ ለፖሊስም፣ ለአሠሪም አልናገርም። ለፍርድ ቤት የምጽፈው መምጣትዎንና በሕክምናው መሳተፍዎን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ከተጠየቅሁ ከመጻፌ በፊት እነግርዎታለሁ። ራስዎን ወይም አንድን ሰው ሊጎዱ እንደሆነ ካወቅሁ ግን ዝም አልልም።» የሙያ ሚስጥርን ያለ አግባብ መግለጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣል፤ መግለጥ የሚፈቀድበትን ሁኔታ አንቀጽ 400 ይዘረዝራል። ከተናገሩ በኋላ ታካሚው የተረዳውን በራሱ ቃል እንዲደግምልዎ ይጠይቁ። «ገባዎት?» ሲባል «አዎ» የማይል የለም።

4. ቁጣ የሚመስለውን ሁሉ ቁጣ አለማለት

ይህ ደረጃ በብዛት ይዘለላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ከማንኛውም የምክር ሥራ በፊት የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

አካቲዚያ (ከመድኃኒት የሚመጣ መቁነጥነጥ)፦ ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉፌናዚን ወይም ሌላ የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የመስማት ወይም ከእውነታ የመራቅ ሕመም) መድኃኒት የጀመረ ወይም መጠኑ የተጨመረለት ሰው መቀመጥ ያቅተዋል፤ እግሩን ያወዛውዛል፣ ይነሣል፣ ይንጎራደዳል፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። ቤተሰቡ «ባሰበት» ይላል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ መቁነጥነጡም ይብሳል። «የሚያስቸግርዎ ሐሳብ ነው ወይስ እግርዎ አልቀመጥ ብሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ባለሙያ ዘንድ ያንኑ ቀን ይላኩ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት፦ ፌኖባርቢታል በአንዳንድ ሰው ላይ ብስጭትና ቁጣ ያመጣል። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ግን ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል በራሱ እንዳያቆም አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

መጠጥ፦ በየቀኑ አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ብስጭት ይጀምረዋል። ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ቅዠትና መደናገር ከመጣ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ምክር ክፍል አይወሰድም።

ጫት፦ «ይቅማሉ?» ከማለት «ትናንት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ቃሙ? ከዚያስ ስንት ሰዓት ተኙ?» ብለው ይጠይቁ። ቁጣው በአብዛኛው የሚመጣው ምርቃናው ካለፈ በኋላ ማታ ወይም ሳይተኛ ባደረበት ማግስት ነው። በወሎ ጫት ከዱዓና ከወዳጃ (ከጋራ የጸሎት ስብስብ) ጋር የተያያዘ ቦታ ስላለው በተግሣጽ ከጀመሩ ታካሚው ይዘጋል። ሰዓቱን ማሳጠርና ቀደም ብሎ ማቆም መጀመሪያ የሚደረስበት ስምምነት ነው። ቀጠሮውንም ከቀትር በፊት ያድርጉት።

ሳይኮሲስ፦ «ጎረቤቴ ሊመርዘኝ ነው» ብሎ የሚቆጣን ሰው በትንፋሽ ልምምድ ማብረድ አይቻልም። የሚያዝዝ ድምፅ ይሰማው እንደሆነ፣ ድምፁን ይታዘዘው እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁ።

የራስ ቅል ጉዳት፦ በዱላ ወይም በአደጋ ተመትቶ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ፀባዩ የተለወጠው ከዚያ በኋላ መሆኑን ከቤተሰብ ይስሙ።

በረመዳን ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው የመድኃኒት ሰዓት ወደ ሱሑርና ወደ ኢፍጧር መዞሩ ነው። ሁለተኛው ሊቲየም የተባለው የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት ነው፤ ውኃ ሲያንስ በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለሚጨምር ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ግድ ነው። ትውከት፣ ከባድ መንቀጥቀጥ፣ የመራመድ መንገዳገድ ከታየ ለነገ አይባልም።

ቁጣን ለማብረድ ተብሎ ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ለረጅም ጊዜ መስጠት ጥሩ መፍትሔ አይደለም። በአንዳንድ ሰው ላይ ራስን መግዛትን ያላላል፣ ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳል፣ ሱስም ያስይዛል።

5. መለካት

ሦስት አጫጭር መጠይቆች ይበቃሉ። ለቁጣ ዳር-5 (DAR-5) አለ፤ 5 ጥያቄዎች፣ ያለፉት 4 ሳምንታት፣ ድምሩ ከ5 እስከ 25። በሌሎች አገሮች 12 እና ከዚያ በላይ አሳሳቢ ተብሎ ይወሰዳል፤ እዚህ ግን ቁጥሩን እንደ ብያኔ ሳይሆን ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ለማወዳደር ይጠቀሙበት። ለጭንቀት ኬ-10 (K10) ይሠራል፤ 10 ጥያቄዎች፣ ያለፉት 30 ቀናት፣ ከ10 እስከ 50። ለድብርት ፒኤችኪው-9 (PHQ-9)፤ ያለፉት 2 ሳምንታት፣ ከ0 እስከ 27። በመጨረሻው ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ መልሱ ከ0 በላይ ከሆነ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም ያኔውኑ ዝርዝሩን ይጠይቁ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ያንብቡለት፤ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃልና ድምፅ። ምርጫዎቹን በጣት ማስቆጠር ይቀላል። ሰው «ተቆጥተዋል?» ሲባል «ኧረ እኔ!» ሊል ይችላል፤ «ደምዎ የሚፈላበት፣ ሆድዎ የሚብስበት፣ አንጀትዎ የሚያርርበት ጊዜ አለ?» ሲባል ግን ይናገራል። ይህን ከመጠይቁ በፊት ይጠይቁ እንጂ የመጠይቁን ቃል አይቀይሩ።

ዋናው ችግር ታካሚው ዝቅ አድርጎ መመለሱ ነው። በድብደባ ተከስሶ የመጣ ሰው በዳር-5 ላይ 5 ሊያመጣ ይችላል። ቅጣቱ በገደብ የተያዘ ሰው ሌላ ጥፋት ከተገኘበት ገደቡ ሊነሣ ስለሚችል፣ «እቆጣለሁ» ብሎ መፈረም ራሱን አሳልፎ መስጠት ይመስለዋል። ውሸታም አያድርጉት። ወረቀቱን አስቀምጠው «ይህ ለእኛ ሥራ እንጂ ወደ ችሎት አይሄድም፤ ወደፊት እንደገና እንሞላዋለን» ይበሉ። እምነት ሲያድር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ይህን «ባሰበት» ብለው አይመዝግቡ። የቁጣ ቁጥር ዝቅ ብሎ የጭንቀቱ ቁጥር ከፍ ካለ ደግሞ ያ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ሰውየው መጨነቁን ማመን አያሳፍረውም ማለት ነው፤ መግቢያዎ በዚያ በኩል ይሁን።

መጠይቆቹን በመጀመሪያው፣ በአራተኛው፣ በስምንተኛውና በመጨረሻው ቀጠሮ ይድገሙ።

6. አንድ ክስተት ወስዶ መፍታት

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀጠሮ ቢወስድ አይብዛብዎ። ቁጣ ሐሳብ፣ የሰውነት መጋልና ድርጊት ተያይዘው የሚፈጥሩት ነገር መሆኑን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬይመንድ ኖቫኮ ነው። የእሱን አካሄድ እዚህ ስንጠቀም ከሦስቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፦ ከቁጣው በፊት የነበረው ስሜት ምን ነበር?

የተከሰሰበትን ድርጊት አይምረጡ፤ ጉዳዩ ገና በችሎት ከሆነ በተለይ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተከሰተ፣ ትንሽ የሆነ፣ ማንም ያልተጎዳበት ቢሆን ይመረጣል። ወረቀት ላይ ረጅም መስመር ያስምሩና ከኋላ ወደ ፊት ይሙሉት።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ሰው እናስብ፦ ዕድሜው 26፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ በድብደባ ቅጣቱ በገደብ የተያዘ። «አለቃዬ ሰደበኝ፣ ገፈተርኩት» ብሎ ይጀምራል። በዚያው ከቆሙ ምክርዎ «አትገፍትር» ከማለት አያልፍም። ወደ ኋላ ሲጠይቁት ግን ሌሊቱን 3 ሰዓት ብቻ ተኝቷል፤ ምክንያቱም በማግስቱ የችሎት ቀጠሮ ስላለው ከአለቃው ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ቁርስ አልበላም። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠየቀ፤ አለቃው ሰው በተሰበሰበበት «አንተ ደግሞ ፍርድ ቤት ቤትህ ሆነ» አለው። ጆሮው ጋለ፣ እጁ ተጨበጠ። በአእምሮው ያለፈው ሐሳብ «ሁሉም ወንጀለኛ መሆኔን አወቀ፣ አለቀልኝ» የሚል ነበር። ከዚያ ገፈተረ። ማታ አረቄ ጠጣ፤ ሌሊቱንም «ገደቤ ተነሣ» እያለ ሲገላበጥ አደረ።

ቁጣው የቆየው ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። ከፊቱ የነበረው ፍርሃት፣ መሐሉ ላይ የመጣው ሐፍረትና ከኋላው የተከተለው ተስፋ መቁረጥ ግን ከአንድ ቀን በላይ ወስደዋል። ታካሚው ይህን መስመሩ ላይ በዓይኑ ሲያየው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ። ቀጥለው «በየትኛው ቦታ ላይ ብንነካው ነገሩ ይለወጥ ነበር?» ብለው እሱን ይጠይቁ። ለዚህ ሰው መልሱ ሦስት ነው፦ ፈቃዱን አስቀድሞ ለአለቃው ብቻውን መጠየቅ፣ የችሎት ዋዜማን እንቅልፍ መጠበቅ፣ ሰው ፊት ሲዋረድ የሚላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከቁጣ በታች ያለውን ስሜት ማወቅ ድርጊቱን ይቅር ማለት አይደለም። ሚስቱን የመታ ሰው «ስለተጨነቅሁ ነው» ብሎ እንዲያርፍ አይፍቀዱለት፤ ጭንቀቱ የእሱ ሕመም ነው፣ እጁን ማንሣቱ የእሱ ኃላፊነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀጠሮ ውስጥ ይነገሩ። ቅናት፣ «እሺ ማለት አለባት» የሚል እምነትና ቁጥጥር ካለ ደግሞ ችግሩ ከቁጣ ያለፈ ስለሆነ የቁጣ ልምምድ ብቻውን አይመልሰውም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሲገባ የደረሰባቸውን የያዙ፣ ከዚያ ወዲህም ሰላም ያላገኙ ታካሚዎች ይኖራሉ። መበርገግ፣ ቅዠት፣ ድምፅ ሲሰሙ መጋል ካለ ያንን ለይተው ይመዝግቡ። ዝርዝሩን ግን በሁለተኛ ቀጠሮ ላይ አይጎርጉሩ፤ መጀመሪያ እንቅልፉና ደኅንነቱ ይያዝ።

7. ልምምዶቹ

ከ10 እስከ 12 ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ያስቡ። ቅደም ተከተሉ እንቅልፍ፣ ትንፋሽ፣ መውጣት፣ ሐሳብ፣ ከዚያ ትወና ነው።

እንቅልፍ፦ የሚነሣበትን ሰዓት ያጽኑ፤ ቡናና ጫት ከቀትር በኋላ ይቀንሱ። ለአንድ ሳምንት የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት ያስመዝግቡት፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ የቤተሰብ አባል ይያዝለት።

ትንፋሽ፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፤ 5 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። የማይሠራበት ዋና ምክንያት ታካሚው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ሲቆጣ መሆኑ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በተረጋጋ ሰዓት መለማመድ አለበት። ራሱን የሚያዞረው ከሆነ በጣም እየሳበ ስለሆነ ትንፋሹን ያሳንስ። ትራስ መደብደብ፣ ጮኾ ማውጣት የሚሉ ምክሮችን ይተዉ፤ ቁጣን ያለማምዳሉ እንጂ አያበርዱም።

መውጣት፦ ይህ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ የሚደረግ ስምምነት ነው። የሚወጣበት ቃል («መጣሁ፣ ልንፈስ»)፣ የሚቆይበት ጊዜ (ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት)፣ የሚሄድበት አቅጣጫ ይወሰናል። አረቄ ቤት፣ መቃሚያ ቤትና የተጣላው ሰው ሠፈር አይቻልም። ደሴ ላይ ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ ይበቃል። ተመልሶ መምጣትና ነገሩን መነጋገር የስምምነቱ ግማሽ ነው፤ ይህ ከቀረ መውጣቱ ማኩረፊያ ይሆናል፣ ሚስትም ልጆችም ይበልጥ ይሰጋሉ።

ሐሳብ፦ «ናቀኝ» የሚለው ፍርድ በስንት ሰከንድ እንደመጣ ይጠይቁት። ከዚያ ለዚያው ድርጊት ሌሎች ሦስት ምክንያቶች እንዲፈልግ ያድርጉ። በእርግጥም የተናቀበት ጊዜ ይኖራል፤ ማረሚያ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ይናቃል፣ ሥራም ይከለከላል። ያኔ «እንዲያው መስሎህ ነው» ማለት ሌላ ንቀት ነው። ጥያቄው «አዎ ንቆሃል፤ አሁን ምን ብታደርግ ነው አንተ የማትጎዳው?» ወደሚል ይዞራል።

ትወና፦ ከ6 እስከ 8 የሚያስቆጡ ሁኔታዎችን ከቀላል ወደ ከባድ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው ይደርድሩ። 2 ወይም 3 ከተሰጠው ይጀምሩ፤ ለምሳሌ ታክሲ ረዳት መልስ ሲያስቀርበት። ዓይኑን ጨፍኖ ለ1 ደቂቃ ያስበው፣ ነጥቡን ይናገር፣ ይተንፍስ፣ ይድገም። ነጥቡ በግማሽ ሲወርድ እርስዎ ረዳቱን ሆነው ይተውኑ። በከባዱ ከጀመሩ ታካሚው ግሎ ከክፍሉ ይወጣል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለመረጋጋት ያስቀሩ።

8. ቂም፣ ሽማግሌና አበጋር

በወሎ ደም የሚያደርቁ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ አበጋሮችና ሽማግሌዎች አሉ። ቂም የያዘን ሰው ከሟች ወይም ከተጎጂ ቤተሰብ ጋር ያለው ስጋት ካልተፈታ የምክር ክፍል ብቻውን አያሳርፈውም፤ ታካሚው ከፈለገ ይህ መንገድ ይከበር። ሦስት ገደቦች ግን አሉ፦ ሰውየው በሳይኮሲስ ወይም በመጠጥ ላይ ሳለ አይቀርብም፤ በችሎት ያለ ጉዳይ ከሆነ ከጠበቃው ጋር ይነጋገር፤ በትዳር ውስጥ ድብደባ ካለ ተጎጂዋን ከመቺዋ ፊት አስቀምጦ «ታረቂ» ማስባል አይገባም፤ ፊት ለፊት የተናገረችው ማታ ቤት ውስጥ ያስመታታል። ጸበል ወይም ዱዓ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ይስማሙ።

9. ዛቻ ሲሰማ

«እገለዋለሁ» የሚል ቃል ሁሉ ዕቅድ አይደለም፤ ተሰምቶ የሚታለፍም አይደለም። ማንን? መቼ? በምን? መሣሪያው የት ነው? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? በተመሳሳይ እርጋታ ስለ ራሱም ይጠይቁ፤ ሌላውን እገድላለሁ የሚል ሰው ራሱንም ለማጥፋት የሚያስብበት ጊዜ አለ። ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ቤት ውስጥ መኖሩን መጠየቅ አይረሳ። የታወቀ ሰው፣ ቅርብ ጊዜና በእጅ ያለ መሣሪያ ከተገናኙ ታካሚውን ብቻውን አይልቀቁ፤ ኃላፊዎን ይጥሩ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ያስገቡ፣ አደጋ ላይ ያለው ሰውና ፖሊስ እንዲያውቁ ያድርጉ፤ የሠሩትንም ከነሰዓቱ ይጻፉ። አደጋው እዚያ ካልደረሰ መሣሪያው ወይም መርዙ በሚያከብረው ዘመድ እጅ እንዲቆይ ይስማሙ፤ ቀጣዩ ቀጠሮም በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ይሁን።

10. ለፍርድ ቤት መጻፍ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመጣባቸው ቀናት፣ የተሰጠው አገልግሎት፣ በዓይን የታየ ነገር፣ ቀጣይ ዕቅድ። «አደገኛ ነው» ወይም «ድኗል» አይባልም፤ «ከ10 ቀጠሮ 8ቱን ተገኝቷል፤ በልምምዶቹ ይሳተፋል፤ ክትትሉ ለ3 ወር እንዲቀጥል ይመከራል» ይበቃል። የመጠይቅ ቁጥር አያስገቡ። ለሕክምና መከታተያ የተሰበሰበ ቁጥር ችሎት ላይ የጥፋተኝነት ማስረጃ መስሎ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ያ ታካሚ በእውነት አይሞላም። ከመላክዎ በፊት ያንብቡለት።

የቀረበትን ቀን ከነምክንያቱ ይጻፉ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገድ ሲዘጋ፣ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መኪና ሲጠፋ፣ ወይም የሁለት መንገድ ታሪፍ የቀን ገቢውን ሲበላበት ሰው ይቀራል። ይህን «ሕክምናውን አልተከታተለም» ብሎ መጻፍ ሰውን ወደ እስር ሊመልስ ይችላል። የዓርብ ቀጠሮ ከጁምዓ ሰላት፣ የሌላው ቀን ደግሞ ከሚኖርበት አካባቢ የገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመው ይጠይቁ። በስልክ የተደረገ የ15 ደቂቃ ክትትልም ክትትል ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ በደብዳቤው ላይ ይካተት።